ሐረጎን እንደገና እስክወርድ፦ ከፓኒክ አታክ ጋር ያሳለፍኩት

ደሴ እኖራለሁ፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ማታ ሐረጎን ወጥቼ ነው የምገባው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ጠመዝማዛውን አይረሳውም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። ያን ሁሉ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ነው የምንወርደው። እኔ ግን ለምጄው ብዙውን ቀን እንቅልፌን እየለጠጥኩ ነበር የምሄደው።

አንድ ጠዋት እዚያው ቁልቁለት ላይ ልቤ ያለ ምንም ምክንያት መደለቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሰውነቴን አጋለኝ፤ ወዲያው ላብ አጠመቀኝ። አየር አነሰኝ። መስኮቱን ብከፍተውም አልጠግብ አለኝ። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ከንፈሬን ነዘረኝ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት የምታወራው ከሩቅ ይሰማኝ ጀመር። ሁሉም ነገር ሕልም ሕልም አለኝ። "በቃ፣ መሞቴ ነው" አልኩ። "ወራጅ አለ!" ብዬ ስጮህ ረዳቱ ደንግጦ ዞረ። "እዚህ? ሐረጎ መሃል?" አለኝ። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ቄጠማ ሆኗል። አንድ መንገደኛ ውሃ አርከፈከፈብኝ። ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና አቆሙልኝና ተመለስኩ።

ሆስፒታል ስደርስ አብዛኛው አልፎ ነበር። ግፊቴን ለኩ፤ ስኳሬን አዩ፤ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ አነሱኝ። "ልብሽ ደህና ነው፤ ምንም የለብሽም" ተባልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ። ምንም ከሌለብኝ ያ ሁሉ ምን ነበር? ምነው ያኔ አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ወስዶ ፓኒክ አታክ የሚባል ነገር እንዳለ በነገረኝ እላለሁ። ብዙ ወራት ባተረፈልኝ ነበር። ስለዚህ ለእናንተ እኔ ልንገራችሁ።

ፓኒክ አታክ ማለት ሰውነታችን ለአደጋ ያዘጋጀውን ነገር አደጋ በሌለበት ሲያወጣው ነው። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። ልብ ደሙን ወደ ጡንቻ ለመግፋት ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ይበዛል፤ ላብ ይወጣል። ዝግጅቱ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ነው። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ በጅብ ፈንታ የገዛ ባለቤቱ ላይ ሲጮህ አስቡት። ውሻው አልታመመም፤ የጮኸው ግን መጮህ በሌለበት ላይ ነው። ከሚገባው በላይ ስንተነፍስ ደግሞ በደማችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። የጣት መደንዘዙ፣ የከንፈር መንዘሩ፣ ራስን የማቅለሉ ነገር ከዚያ ይመጣል። እኛ አየር ያነሰን ይመስለናል እንጂ የተነፈስነው በዝቶብን ነው። አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ያስፈራል እንጂ ጤነኛ ልብን አያቆምም።

ይህን ሳላውቅ ግን ከክሊኒክ ክሊኒክ ዞርኩ። አንዱ ጋ ጨጓራ ነው ተባልኩ፤ ሌላው ጋ ነርቭ ነው ተብዬ መርፌ ተወጋሁ። ኢሲጂውንም ደጋግሜ ተነሳሁ። ወረቀቱ ንጹሕ ሲሆን እፎይ እላለሁ፤ ማታ ላይ "ምናልባት ማሽኑ ስቶት ቢሆንስ?" እላለሁ። ምርመራው ራሱ ሱስ ሆነብኝ። አንድ ጊዜ በደንብ መመርመር ግን ግዴታ ነው፤ ይህን እንዳትዘሉት። ከልብ ምርመራው ጋር ስለ ደም ማነስና ስለ እንቅርት ሆርሞን ጠይቁ። የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ያስጨንቃል፤ በእኛ ደጋ ደግሞ እንቅርት ብርቅ አይደለም። ሁሉም ደህና ከሆነና ሐኪሙ በቃ ካላችሁ ግን እዚያ ላይ አቁሙ። አዲስ ምልክት ሲመጣ ሌላ ነገር ነው። ደረት የሚያፍን ሕመም ዳገት ስትወጡ ከመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ራስን አስቶ ከጣለ ጭንቀት ነው ብላችሁ ቤት እንዳትተኙ። በተለይ ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ዕድሜያችሁም የገፋ፣ በፍጥነት ሆስፒታል ሂዱ።

የመጀመሪያው ከመጣብኝ በኋላ ሁለተኛው ባንክ ቤት ወረፋ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ ሕይወቴን የቀየረው አታኩ ራሱ አልነበረም፤ እሱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የቀየረው "መቼ ይመጣብኝ ይሆን?" የሚለው ስጋት ነው። "የፈሩት ይደርሳል" የሚባለው አባባል ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ በር አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም አልኩ። ቀጥሎ ከወንድሜ ጋር ካልሆነ አልሄድም አልኩ። ቀጥሎ ኮንትራት መኪና፤ በኋላም ከሥራ መቅረት መጣ። ሰኞ ገበያ ግርግሩን ፈርቼ ተውኩት። ቤተ ክርስቲያን ከውጭ አጥሩ ሥር ቆሜ እመለሳለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ለቅሶ መቅረቴ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የእናቴ ጓደኛ አርፈው ኩታበር መሄድ አቃተኝ፤ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ምክንያቱን አያውቁም።

ይህ የመሸሽ ነገር ከውስጥ ሲታይ ጥንቃቄ ይመስላል። ከመኪናው ወርጄ ሲሻለኝ፣ ያዳነኝ መውረዴ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ቀን ስለዚህ አልሳፈርም። እንዲህ እያለ ዓለም ጠበበችና ከፒያሳ ወደ ቤት ያለችው መንገድ ብቻ ቀረችኝ። አታኩ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣባችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ፦ የመጣባችሁን ቦታ አትተዉት። በማግሥቱ ሂዱበት። ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ሁለት ጊዜ ይመጣበትና እዚያው ያበቃል። ሕመም የሚሆነው ስጋቱና መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ሲቀጥል ነው።

ስለ ኪኒኗም ልንገራችሁ። መድኃኒት ቤት የሚሠራ የማውቀው ሰው "እንቅልፍ የሚያስይዝ" ብሎ ዲያዜፓም ሰጠኝ። ያለ ማዘዣ ነው። ዋጥኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ሰላም ወረደልኝ። ያ ሰላም ነው አደገኛው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኪኒኗ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሯን ሳልዳብስ ከቤት አልወጣም። ሳልውጣት እንኳ ከረሳኋት ከመንገድ እመለሳለሁ። እያደር ደግሞ አንዷ አልበቃ አለችኝ። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሲያዛቸው ቦታ አላቸው፤ ከቆዩ ግን ሰውነት ይለምዳቸዋል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም በአንድ ጊዜ ጥሎ ማቆም የለበትም፤ በሐኪም እየታየ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። እኔም እንዲያ ነው የተውኩት።

ቤተሰቦቼ በሚያውቁት ሁሉ ረድተውኛል። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። በአባቴ በኩል ያለችው አያቴ ሙስሊም ናት፤ እሷ ዱአ አደረገችልኝ፤ እጄን ይዛ "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አይጥልሽም" ትለኝ ነበር። ወሎ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ባለው በኩል ይለምንልሃል። ጸሎቱም ዱአውም ልቤን አሳርፎልኛል። የጎዳኝ "ሐኪም ቤት ከሄድሽ ጸሎቱ አይሠራም" የሚሉ ሰዎች ወሬ ነው። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው "ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪሙንም ስሚ፤ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው" አሉኝ። እንዲህ የሚሉ አባት ካላችሁ እድለኞች ናችሁ። ከሌሏችሁ የእኔን አባት ቃል ውሰዱ።

ነገሩ የተቀየረው የሥራ ባልደረባዬ ባወራችኝ ቀን ነው። ቢሮ በር ዘግታ "አንቺን የያዘሽ እኔንም ይዞኝ ነበር" አለችኝ። የሚሰማኝን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ እኔ ሳልነግራት። ጣቴ መደንዘዙን፣ ሕልም ሕልም ማለቱን፣ "ማበዴ ነው" የሚለውን ሐሳብ። አለቀስኩ። ከዚያ "አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ፣ ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ" አለችኝ። ድሮ ለዚህ ዓይነት ሕክምና አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ ይኬድ ነበር፤ ዛሬ እዚሁ አለ። እኔ ግን ተሸማቀቅኩ። ደሴ የሚተዋወቅ ሰው የበዛባት ከተማ ናት። የእብድ ሐኪም ጋ ስትገባ አየናት ቢሉኝስ? ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡትን ሳይ ነጠላዬን አወረድኩት። ተማሪ አለ፣ የከባድ መኪና ሹፌር አለ፣ ሕፃን ያቀፈች እናት አለች። ሁሉም እንደ እኔ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ያየችኝ ሲስተር መጀመሪያ ወረቀት ሰጠችኝ። "ሲይዝሽ ምን ይደርስብኛል ብለሽ ነው የምትፈሪው? ጻፊው" አለችኝ። ሦስት ነገር ጻፍኩ፤ እሞታለሁ፣ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ፣ አብዳለሁ። አንድ በአንድ ወሰደቻቸው። ልብሽ ተመርምሯል፣ ደህና ነው አለችኝ። ሰው ራሱን የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው፤ በፓኒክ ጊዜ ደግሞ ግፊቱ ከፍ ስለሚል መውደቅ ብዙም አይታይም አለችኝ። ፓኒክ አታክም ወደ እብደት አይቀየርም አለችኝ። አዳመጥኳት እንጂ አላመንኳትም።

ያን ጊዜ ወንበሩን ሳበችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "አብረን ቶሎ ቶሎ እንተንፍስ" አለች። አንድ ደቂቃ ያህል ውሻ እንደሚያለከልክ ተነፈስን። ጣቶቼ ደነዘዙ። ከንፈሬን ነዘረኝ። ክፍሉ ራቀብኝ። ልቤ ደለቀ። የሐረጎው ነገር አንድ ሳይቀር እዚያ ወንበር ላይ መጣ! ልነሳ ስል "ተቀመጪ፣ ምንም አታድርጊ፣ ዝም ብለሽ እዪው" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ማኅተም ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቼ ተመለሱ። ልቤም ረጋ። ማንም መርፌ አልወጋኝም፤ ማንም ውሃ አልረጨብኝም። በትንፋሽ የመጣው ነገር በራሱ ጊዜ ሄደ። ብዙ ምክር ያላሳመነኝን ያ አንድ ደቂቃ አሳመነኝ። ይህን ልምምድ ግን ቤት ውስጥ ብቻችሁን አትጀምሩት። የልብ ችግር፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ሳይጠይቁ አያደርጉትም።

ከዚያ የሸሸሁበትን ቦታ ሁሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬ እንድጽፍ አደረገችኝ። ከዝርዝሩ ሥር፦ መናኸሪያ ቆሞ በሚሞላ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ። ከዝርዝሩ አናት፦ ሐረጎን ብቻዬን፣ መሃል ወንበር ላይ፣ መውረድ። ሕጉ አንድ ነው፦ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ አትውረጂ፤ መቀነስ ሲጀምር መውረድ ትችያለሽ። ወንድሜ መጀመሪያ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ኋላ ወንበር ላይ፤ ቀጥሎ ቀርቶ ስልክ ብቻ ሆነ። አብሮ የሚሄድ ሰው ደግ ነው፣ ግን እሱም እንደ ኪኒኗ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ይልቀቃችሁ።

ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። አንድ ቀን መናኸሪያው ላይ ሳለሁ መጣና ሮጬ ወጣሁ። ሲስተሯ አልተቆጣችኝም፤ "ነገ አንድ ደረጃ ወረድ ብለሽ ጀምሪ" ብቻ አለችኝ። ሐረጎ ላይ እንደገና ሲመጣብኝ የስልኬን ሰዓት እያየሁ ቆየሁ። "ወራጅ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነው። ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል፤ ሹፌሩ መንዙማ ከፍቷል። "መጣህ፤ እሺ፣ ቆይ" አልኩት በልቤ። ወደ ቦርከና ስንወርድ ልቤ መርገብ ጀመረ። መኪናው አልቆመም፤ እኔም አልወረድኩም።

ትንፋሽን በተመለከተ ብዙ ሰው "በረጅሙ ሳብ" ይላል። መሳቡን አታብዙት። በአፍንጫ አራት እስክትቆጥሩ በቀስታ አስገቡ፣ ስድስት እስክትቆጥሩ አስወጡ። ማስወጣቱ ይርዘም። ፍርሃቱን ለማባረር ግን አትተንፍሱ፤ እስኪያልፍ ድረስ አብራችሁት ለመቆየት ነው።

ለእኔ ምክሩ ብቻ አልበቃም፤ ሐኪሙ ፍሉኦክሰቲን የሚባል ለጭንቀት የሚታዘዝ መድኃኒት ጨመረልኝ። ስለዚህ መድኃኒት ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ዛሬ ተውጦ ዛሬ አይሠራም፤ ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን እንዲያውም ሊጨምረው ይችላል፤ ለዚህ ነው በትንሽ መጠን የሚጀመረው። እኔ ጋም እንዲያ ሆኖ ልጥለው ስል ደውዬ ጠየቅኩና ታገሽ ተባልኩ። የተሻለው ሰው ደግሞ "ዳንኩ" ብሎ በራሱ ማቆም የለበትም። ከተሻለው በኋላም ለወራት ይቀጥላል፤ ሲቆምም ቀስ እየተባለ ነው። ያረገዘች ወይም ልታረግዝ ያሰበች ሴት ለሐኪሟ ትንገር።

ቡናን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም። ወሎ ላይ ሆኖ ቡና አልጠጣም ማለት ከጎረቤት መጣላት ነው። ግን ባዶ ሆዴን አልጠጣም፤ አቦሉን ጠጥቼ ቶናና በረካ ሲመጣ ቁጭ ብዬ እጫወታለሁ። ካፌይን ልብን ያስመታል፤ ሰውነታችን ደግሞ ያንን ምት እንደ አደጋ ይቆጥረዋል። ጫት የባሰ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ነገር ነው፤ እንቅልፍም ይነሳል። የማውቀው ልጅ አታኩ የሚመጣበት ከበርጫ በኋላ ማታ ማታ ነበር፤ ጫቱን ሲተው አብዛኛው ቀረለት። ለመርሳት ብላችሁ መጠጥ የምትጠጡም፣ መጠጡ ሲወጣ ጭንቀቱ ጨምሮ እንደሚመለስ እወቁ።

ጭንቀት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሰው አታክ ሳይኖርበት ከ6 ወር በላይ ስለ ሁሉም ነገር ሲጨነቅ ይውላል፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ነገ። ጡንቻው ይታሰራል፣ እንቅልፉ ይሰበራል። ሌላው ሰው ፊት መናገር ብቻ ያንቀጠቅጠዋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ የተለየ ነገር የያዛቸው ብዙ ሰዎች አሉ። በር ሲንኳኳ የሚዘል፣ ያየው ነገር በሕልሙ የሚመላለስበት፣ ያን ቦታ ማየት የማይችል ሰው ካለ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ ያሳለፈውን አብሮ ይናገር። ሕክምናው በመጠኑ ስለሚለይ ነው። ሞት ይሻለኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ አብረውም ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ለቤተሰብ የምለው አለኝ። "አትፍሪ፣ ምንም የለብሽም" አትበሏት። በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆና አታምናችሁም። አትክበቧት፤ ውሃ አታርከፍክፉባት፤ ከቦታው ጎትታችሁ አታውጧት። ወንድሜ ቀስ ብሎ የተማረው እንዲህ ማለት ነው፦ "መጣብሽ አይደል? አለሁ። ያልፋል፤ እስኪያልፍ እንቀመጥ።" ከዚያ ዝም ይላል። ሲያልፍም ስለ ሌላ ነገር ያወራኛል። "ዛሬ ሚኒባስ ተሳፈርሽ?" ብሎ ሲጠይቅ ግን ከአታኩ ይልቅ ስለ መሳፈሬ መጠየቁ ብርታት ሰጥቶኛል።

አሁን በየቀኑ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ከባድ ሳምንት ሲሆን፣ እንቅልፍ ሳጣ፣ አንዳንዴ ይሞክረኛል። ሰኞ ገበያ እሄዳለሁ፤ ለቅሶም እደርሳለሁ። ኩታበር ላሉት ልጆች ግን ገና አልነገርኳቸውም፤ ሄጄ ለመንገር አስቤያለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ሰዎች የቀድሞ የኢሲጂና የደም ውጤት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እንደገና ከዜሮ አትጀምሩም። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትንም ጨምሮ፣ ከነማሸጊያው ያዙ። ስለ ጫትና ስለ መጠጥ ሲጠይቋችሁ እውነቱን ንገሯቸው። አታኩ የጀመረበትን ጊዜና ትታችሁ የሸሻችሁትን ቦታ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግቡ፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ የሚረሳው እሱ ነው።